አሥረኛው ቁራጭ

በነርቭ ምርምር ላቦራቶሪው ውስጥ የሚያውቃት ሰው ሁሉ ሚሊሜትር ይላታል። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው። ሌላው ሰው ማስመሪያ ዘርግቶ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ ትንፋሹን ውጦ የሚቆርጠውን ቀጭን የአይጥ ነርቭ እሷ እያወራች፣ እየሳቀች፣ አንዳንዴም በር ከፍቶ የሄደውን ሰው እየተቆጣች ልክ ሦስት ሦስት ሚሊሜትር አድርጋ ትቆራርጠዋለች። አንድ ተጠራጣሪ ተማሪ አንድ ቀን ሃያ ቁራጮቿን ሰብስቦ አንድ በአንድ ለክቷቸው ነበር። አሥራ ዘጠኙ ልክ ሆኑ። ሃያኛውን ራሱ በፒንሳ ሲያነሳው ጨፍልቆት ኖሮ፣ "እሱን የገደልከው አንተ ነህ፤ በኔ እንዳታሳብብ" ስትለው ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሥራዋ እንዲህ ነው። የነርቭ ሴል ራሱ ከአከርካሪ አጥንት አካባቢ ተቀምጦ ረጅም ክሩን እስከ እግር ጣት ድረስ ይዘረጋል። ያ ክር አክሰን ይባላል። አክሰኑ የሚኖርበት ፕሮቲን በአብዛኛው የሚሠራው ላይ ሴሉ ዘንድ ስለሆነ፣ በክሩ ውስጥ ተጉዞ ነው ታች የሚደርሰው። አንዳንዱ ፕሮቲን ፈጣን ነው፤ በአንድ ቀን አርባ ሳንቲሜትር ይሄዳል። ክሩን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት፣ ለቤት ምሰሶና ማገር እንደሚሆነው ያሉት ፕሮቲኖች ግን በቀን ሦስት ሚሊሜትር ቢሄዱ ነው። ነርቭ ሲጎዳ ከጉዳቱ በታች ያለው ክር ይሞታል። ከላይ የተረፈው ጫፍ እንደገና ማደግ ይጀምራል፤ ለዕድገቱ የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ታዲያ ከላይ እየተጓዘ መምጣት አለበት። እንዴት ይመጣል? በምን ፍጥነት? የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰሩ ፀጉራቸውን ያሸበቱት በዚህ ጥያቄ ነው። ሚሊሜትርም ሃያ ስድስት ዓመቷን የሰጠችው ለዚሁ ነው።

አይጧን ታደነዝዛለች፤ የታፋዋን ነርቭ ገልጣ በፒንሳ ጫን ታደርገዋለች፤ ትሰፋታለች። ነርቩ ማደግ ሲጀምር ደግሞ ከአከርካሪው አጠገብ ጨረር የሚሰጥ ምልክት ያለበት ፈሳሽ በቀጭን መርፌ ትሰጣታለች። ሴሎቹ በዚያ ፈሳሽ ፕሮቲን ሲሠሩ፣ ፕሮቲኑ ምልክቱን እንደያዘ ይጓዛል። በሰባተኛው ቀን ነርቩ ወጥቶ በብርድ ይጠነክራል፤ ከዚያ በምላጭ ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ በየተራ መቁጠሪያ ማሽን ውስጥ ይገባል። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ቁጥሩን በጠባብ ወረቀት ላይ እያተመ ይተፋል። ቁጥሮቹ ሲሳሉ ጉብታ ይሠራሉ። ጉብታው የትኛው ቁራጭ ላይ እንደቆመ ያየ ሰው ፕሮቲኑ በሰባት ቀን የት እንደደረሰ ያውቃል።

ፕሮፌሰሩ "እጄ" ይሏታል። ጠዋት ገና ከበር ሲገቡ "እጄ መጣች?" ብለው ይጠይቃሉ። ይህች አንዲት ቃል ለሚሊሜትር ቁርሷም ምሳዋም ነበረች።

እዚህ ቤት የገባችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች አባቷ በድንገት አረፉ። እናቷ ወገባቸውን ታመው ነበር፤ ታናሽ እኅቷ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። "ዲግሪ እጨምራለሁ" ስትለው የነበረው ነገር በዚያው ቀረ። ታናሿን ሚጣ እያሉ ነው ያሳደጓት። ፀጉሯን የምታጎነጉነው፣ ትምህርት ቤት የምታደርሳት፣ ሲያተኩሳት ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ የምትቀያይረው ሚሊሜትር ነበረች። ሚጣም "እትዬ" ትላታለች እንጂ አንድ ቀን በስሟ ጠርታት አታውቅም።

ሚጣ ጎበዝ ሆነች። ከክፍሏ አንደኛ በወጣች ቁጥር ሚሊሜትር "ማን አስጠንቷት!" እያለች ደረቷን ትነፋ ነበር። ልጅቷ ሌላ አገር ሄዳ ሰባት ዓመት ተምራ ዶክተር ስትባል፣ ፎቶዋን በሥራ ጋውኗ ኪስ ይዛ ያላሳየችው ሰው የለም። ከዚያ ሚጣ ተመለሰች፤ የተቀጠረችውም እትዬ በምትሠራበት በዚያው ላቦራቶሪ ሆነ።

የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው በስብሰባው ክፍል ተሰብስቦ ነበር። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን በሚጣ ትከሻ ላይ አድርገው "የአክሰን ጉዞ ጥናቱን ከዛሬ ጀምሮ ዶክተር ትመራዋለች" አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። ሚጣ ሰውን ሁሉ አልፋ ሮጣ መጥታ የታላቋን አንገት አቀፈች።

"እትዬ! በመጨረሻ አንድ ላይ!"

ሚሊሜትር ለቀቅ አድርጋት አንድ እርምጃ ወደኋላ አለችና ጎንበስ ብላ "እንኳን ደህና መጡ፣ ዶክተር" አለቻት።

ሰው ሁሉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሚጣም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን የታላቋ ፊት ላይ ቆየ። ሚሊሜትር ራሷ ከየት እንደመጣባት አታውቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ቀን እንዲመጣ ስትመኝ ኖራ፣ ጭብጨባው ሲሰማ ብቻ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ቁንጥጥ አደረጋት። ለእሷ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አላጨበጨቡላትም።

ሚጣ አዲስ ማይክሮስኮፕ አስገባች። ክፍሉ ጨለማ መሆን ስላለበት በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ ተሰቀለ። የእሷ ዘዴ ሌላ ነበር፤ ፕሮቲኖቹ አረንጓዴ እንዲያበሩ ይደረግና፣ ነርቩ በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ እንደተኛ፣ ገና ሥራውን ሳያቆም፣ ጉዟቸው በዓይን ይታያል። መቁረጥ የለም፤ መቁጠርም የለም። ተማሪዎቹ መጋረጃው ሥር መሰለፍ ጀመሩ። ከሚሊሜትር ጠረጴዛ ዙሪያ የሚጠፉ የማይመስሉት ሁሉ አንድ በአንድ ተሰወሩ።

እሷም ከመጋረጃው ማዶ የሚሰማውን እየለቀመች ሥራ ፈታች። ፕሮፌሰሩ ዛሬ ስንት ጊዜ ሳቁ? ስንት ሰዓት ቆዩ? "ግሩም ነው" ያሉት ለማን ነው? ጆሮዋ ከእሷ ፈቃድ ውጭ የሄደ እስኪመስላት ድረስ። አንድ ጠዋት ፕሮፌሰሩ ከጨለማው ክፍል ሲወጡ ፊታቸው እንደ ልጅ አብርቶ ነበር። በጠረጴዛዋ በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው፣ ክፋት ሳያስቡ፣ "እይ እንግዲህ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እጅ ነበረኝ፤ አሁን ዓይን አገኘሁ" አሏት።

"ደስ ይላል" አለች።

ቀኑን ሙሉ እርር ድብን ስትል ዋለች። ዓይን! ያቺ አፍንጫዋን ስትጠርግላት ያደገች ልጅ ዓይን ሆነች!

ቤት ስትገባም አላረፈችም። ሦስቱም በአንድ ቤት ነው የሚኖሩት። እናትየው በረንዳ ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ከጎረቤታቸው ጋር ሲጨዋወቱ፣ ሚሊሜትር ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ደረጃው ላይ ቀረች።

"ታናሿ የነርቭ ዶክተር ናት" ይላሉ እናትየው። "በማሽን ነርቭ ውስጥ ገብታ ነው የምታየው!"

"ጉድ እኮ ነው! ታላቋስ?"

"እሷም እዚያው ናት። አይጦቹን ትይዛለች።"

አይጦቹን ትይዛለች። ሚሊሜትር ሰላም ሳትላቸው ገባች። እራት ላይ ሚጣ እንደ ልማዷ አፏ ሳያርፍ ስለ ሥራዋ ስታወራ፣ "እትዬ፣ ነገ ትንሽ ጊዜ ስጪኝና ላሳይሽ። አንቺ ሳታዪው እኔ ያየሁ አይመስለኝም" አለቻት። አምስተኛ ጊዜዋ ነበር።

"ሥራ አለብኝ። አይጥ የሚይዝ ሰው ጊዜ የለውም።"

እናትየው ቀና ብለው አዩ። ሚጣ ነገሩ አልገባትም።

ሚሊሜትር ግን አየች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሁሉም ሰው ወጥቶ፣ ኮሪደሩ ጭር ብሎ፣ መጋረጃውን በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ ገባች። ነርቩ ሳህኑ ውስጥ ነበር፤ ማሽኑም አልጠፋም። ጎንበስ አለችና ዓይኗን ሌንሱ ላይ አደረገች።

መጀመሪያ ምንም አልታያት። ከዚያ ጨለማው ውስጥ ቀጭን ክሮች ብቅ አሉ። በክሮቹ ውስጥ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ቆመዋል። ዝም ብለው ቆመዋል። "ይኸው ነው እንዴ?" ልትል ስትል አንዱ ድንገት ተነሥቶ ሮጠ። ሮጦ ሮጦ ቀጥ አለ። ሌላው ተነሣ። ሚሊሜትር አፏን በእጇ ያዘች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እነዚህ ፕሮቲኖች እንደ ቀንድ አውጣ የሚሳቡ ነበር የሚመስላት፤ በቀን ሦስት ሚሊሜትር። እነሱ ለካ ቀርፋፋ አይደሉም። ይሮጣሉ፤ ያርፋሉ፤ ዕረፍታቸው ስለሚበዛ ነው ቀኑ ሲደመር ሦስት ሚሊሜትር የሚሆነው።

ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ደስታ ነበር፤ ደስታው ግን ደቂቃ አልቆየም። "የኔ ናቸው ብዬ የያዝኳቸውን፣ በቁጥር ብቻ የማውቃቸውን፣ ይህች ልጅ በመጣች በዓመቷ አየቻቸው" አለች በልቧ። መጋረጃውን መልሳ እንደነበረ አድርጋ፣ ከሁሉም ቀድማ ጠረጴዛዋ ላይ ተገኘች።

ሚጣ ትልቁን ነገር ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው። ነርቩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጎዳ አይጥና፣ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ተጎድቶ አሁን ደግሞ ዳግመኛ የተጎዳ አይጥ ጎን ለጎን ስታይ፣ ሁለቴ በተጎዳው ነርቭ ውስጥ ፕሮቲኖቹ ዕረፍታቸው ያንሳል። ቶሎ ቶሎ ተነሥተው ይሮጣሉ። እንግዲያው ዕቃው ፈጥኖ ይደርሳል፤ ነርቩም ፈጥኖ ያድጋል ማለት ነው። ፕሮፌሰሩ ሰምተው ጢማቸውን አሻሹ።

"ያማረ ነገር ነው። ነገር ግን አንቺ የምታዪው ትንሽዬ ቦታ ላይ ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ። ሰባት ቀን ሙሉ፣ ነርቩ ሙሉውን ርዝመት፣ እውነት ፈጥነው ይደርሳሉ ወይ? ይህን የሚነግርሽ አሮጌው ዘዴ ነው። ይቆረጥና ይቆጠር።"

ሚጣ ወደ ሚሊሜትር ጠረጴዛ መጣች። ዙሪያውን አይታ፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጣ ጎንበስ አለች።

"እትዬ፣ በሞቴ። ከአንቺ ሌላ ለማንም አልሰጠውም። እስከ ወሩ መጨረሻ ለትልቁ ጉባኤ ማመልከት አለብኝ፤ ያንቺ ቁጥር ካለ ማንም አፉን አይከፍትም።"

"አምጪው" አለች ሚሊሜትር።

ሃያ አይጦች ነበሩ፤ አሥሩ አንዴ የተጎዱ፣ አሥሩ ሁለቴ። ሥራውን ስትሠራ አንዲት ስህተት አልሠራችም። ልቧ ቢቀናም እጇ አልቀናም። በሰባተኛው ቀን ነርቮቹን አወጣች፤ ቆረጠች፤ ወደ ማሽኑ አስገባች። ማሽኑም እየተንኳኳ ወረቀቱን ይተፋ ጀመር።

አንዴ የተጎዱት ላይ ጉብታው እንደ ወትሮው ሰባተኛው ቁራጭ ላይ ቆመ፤ ሃያ አንድ ሚሊሜትር። ሁለቴ የተጎዱት ላይ ስምንትን አለፈ፣ ዘጠኝን አለፈ፣ አሥረኛው ላይ ቆመ። አሥሩም ላይ እንዲሁ። በሥራ ዘመኗ እንዲህ ጥርት ያለ ውጤት አይታ አታውቅም። ወረቀቱን ይዛ ቆማ፣ "ልክ ናት" አለች ብቻዋን። ልክ መሆኗ ነው ያቃጠላት። ትንሽ እንኳ ብትሳሳት፣ ትንሽ ብትጎድል፣ እትዬ ደግሞ አርማት፣ "አይዞሽ" ብላ ጀርባዋን መታ መታ አድርጋላት ቢሆን!

ሚጣ በሩ ላይ ብቅ አለች። "እ? ምን አለ?"

ሚሊሜትር ወረቀቱን አጥፋ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከአፏ የወጣውን ራሷም እንደ ሌላ ሰው ንግግር ሰማችው።

"ልዩነት የለውም። ሁለቱም ሰባተኛው ላይ ናቸው።"

ሚጣ በሩን ይዛ ቆመች። "ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"እሺ" አለች ሚጣ። ወረቀቱን አምጪ አላለችም። እንደገና እንቁጠር አላለችም። "እሺ እትዬ፣ አመሰግናለሁ። ደክመሻል" ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

እውነት ለመናገር ያን ዕለት የሚሊሜትር አንጀት ቅቤ ጠጣ። ወደ ቤት ስትሄድ እግሯ ቀሎላት ነበር። ፕሮፌሰሩ በማግሥቱ ጨለማው ክፍል ሳይገቡ ቀጥታ ወደ እሷ ጠረጴዛ መጥተው ቆመው አወሯት። ይህም ጣማት። በሦስተኛው ቀን ግን የነገሩ ጣዕም ጠፋ። ሚጣ እራት አትበላም። አፏ ሳያርፍ የምታወራ ልጅ ዝም አለች። እናትየው "ምን ሆና ነው? እይያት እስቲ፣ አንቺ ታላቋ አይደለሽ?" ሲሏት፣ ሳህኖቹን ማንሣት ጀመረች። ወረቀቱን መነጽር ማኅደሯ ውስጥ ሸጉጣ ይዛው ትዞር ነበር። ሁለት ጊዜ ልትቀደው አውጥታዋለች። እጇ እምቢ አለ። ውሸት በአፏ ወጥቶላታል፤ ቁጥር መቅደድ ግን አልሆነላትም።

በአሥረኛው ቀን የሳምንቱ ስብሰባ ነበር። ሚጣ ተነሥታ ሰሌዳው አጠገብ ቆመች። ወረቀት አልያዘችም።

"የጉባኤውን ማመልከቻ አላስገባሁም" አለች። "ያቀረብኩላችሁ ነገር ስህተት ነው። የሁለት ዓመት ሥራ ነው፤ ቢሆንም ስህተት ከሆነ ስህተት ነው። ምናልባት ብርሃኑ ራሱ ፕሮቲኖቹን አስደንግጧቸው ይሆናል፤ አላውቅም። ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።"

ፕሮፌሰሩ ግንባራቸውን ቋጠሩ። "በምን አወቅሽ?"

"በእትዬ... በእኅቴ ቁጥር። ሁለቱም ሰባት ላይ ነው።"

"ወረቀቱን አየሽው?"

"አላየሁም።" ሚጣ የሚያስገርም ጥያቄ የተጠየቀች መሰለች። "እሷ ሰባት ካለች ሰባት ነው። ምን ልፈልግ አየዋለሁ?"

ሚሊሜትር ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዝም ብትል ያልፋል፤ ይህን ታውቃለች። ወረቀቱ ጠፋ ብትል ማንም አይጠይቃትም። ተነሣች። መነጽር ማኅደሯን ከፍታ የታጠፈውን ወረቀት አወጣችና በሰው መሐል አልፋ ለሚጣ ሰጠቻት።

ሚጣ ዘረጋችው። ጣቷን በቁጥሮቹ ላይ እየነዳች ወረደች። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ... ጣቷ ቆመ።

"አሥር!" አለች። "አሥረኛው ላይ ነው! እትዬ፣ አሥር ነው እኮ!"

ያን ጊዜ ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ብቻ ነበር። ሌላውን ሁሉ ረስታለች። ከዚያ ቀና አለች፤ የታላቋን ፊት አየች፤ ደስታውም ቀስ በቀስ ከፊቷ ላይ ወረደ።

"ለምን?" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"ቀንቼ" አለች ሚሊሜትር።

አንዱ ተማሪ ሊያስል ፈልጎ አፍኖ ያዘው።

ፕሮፌሰሩ የተናገሯትን እስከ ዛሬ ቃል በቃል ታስታውሳለች። "ሃያ ስድስት ዓመት የሰጠሽኝን ቁጥር ሁሉ ዛሬ እንድጠራጠር አደረግሽኝ። ከዚህ የበለጠ ምን ልታደርጊኝ ትችይ ነበር?" ለስድስት ወር ከቁራጩም ከማሽኑም ታግዳ የአይጦቹ ቤት እንድትሠራ ተወሰነ፤ ማስጠንቀቂያውም በጽሑፍ የሥራ ማኅደሯ ውስጥ ገባ። ሁለት ተማሪዎች ደግሞ የድሮ ወረቀቶቿን ከየሣጥኑ አውጥተው ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። አንድ የተሳሳተ አላገኙም። ይህም አላጽናናትም። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ሳይፈትሻት ነበር የኖረችው።

ሚጣ በዚያው ሳምንት ልብሷን በሁለት ሻንጣ ይዛ ከቤት ወጣች፤ ለላቦራቶሪው ቅርብ የሆነ ክፍል ተከራየች። አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። እናትየው በሩ ላይ ቆመው "ምን አጣላችሁ ልጆቼ?" ሲሉ፣ "ሥራ ነው እማዬ" አለች ሚጣ። "ሥራ ነው" አለች ሚሊሜትርም። እሷው ራሷ አንዱን ሻንጣ እስከ ታክሲው ድረስ ተሸከመችላት።

ሚሊሜትር የአይጥ ቤት ገባች። ሣጥን ታጥባለች፤ ውኃ ትቀይራለች፤ ሰገራ ትጠርጋለች። "ይኸው አይጥ ያዥ ሆንኩ" ብላ ለራሷ ስትቀልድ የሚስቅላት ሰው አልነበረም። ቅናቱ በዚህ ሁሉ አልተዋትም። ሚጣ ዛሬ እንግዶች መጡላት ሲባል ስትሰማ፣ መጥረጊያውን እንደያዘች ያችው ቁንጥጫ ትመጣለች። እንዲህ ያለ ነገር አጥፍቶ፣ ተዋርዶም እንኳ አለመተዉ ገርሟት በራሷ ላይ ትፈርድ ነበር።

በሦስተኛው ወር ሚጣ የአይጥ ቤቱን በር ከፍታ ገባች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሚሊሜትር ጓንቷን አወለቀች።

"ሁለት ዓመቴን እጥላለሁ ብዬ በሰው ፊት ስቆም ከኋላ ተቀምጠሽ ታዪኝ ነበር" አለች ሚጣ። "አሥር ቀን እኮ ነው! እራት አብረን እየበላን! ምን አድርጌሽ ነው?"

"ምንም።"

"ምንም አይባልም። ንገሪኝ።"

ሚሊሜትር የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። "ማይክሮስኮፕሽ ውስጥ አይቼ ነበር። በምሳ ሰዓት፣ ተደብቄ።"

"ምን አየሽ?"

"ሲሮጡ።" "ሲሮጡና ሲቆሙ።"

ሚጣ ዓይኗን አፈጠጠች። "ስንቴ ለመንኩሽ! ስንት ጊዜ ነይ ላሳይሽ አልኩሽ!"

"አንቺ እንድታሳዪኝ አልፈለግኩም" አለች ሚሊሜትር። "እኔ እንዳሳይሽ ነበር የምፈልገው። ከልጅነትሽ ጀምሮ ሁሉን የማሳይሽ እኔ ነበርኩ። ሌላ ምንም የለኝም።"

አንዲት አይጥ ሣጥኗ ውስጥ ውኃውን ስታንኳኳ ይሰማል። "ገና ይቅር አላልኩሽም" አለች ሚጣ በመጨረሻ። "ልዋሽሽ አልፈልግም።"

"አትዋሺኝ።"

"ጽሑፉ ግን ተልኳል። ስምሽ ከኔ ቀጥሎ አለ።"

"አውጪው። እፍረት ነው።"

"አላወጣውም። ሃያውን አይጥ የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ ቁጥሩም እውነት ነው። የደበቅሽው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ከስምሽ ጋር አይገናኝም።" ይህን ብላ ወጣች፤ በሩን ግን አላላተመችውም።

ጽሑፉ ወጣ። የዚያ ዓመት ጉባኤ ስላመለጠው ሚጣ በሚቀጥለው ዓመት አቀረበችው፤ ብዙ ተጨበጨበላት አሉ። ሚሊሜትር ስድስት ወሯን ጨርሳ ወደ ምላጯ ተመለሰች። ፕሮፌሰሩ "እጄ" ብለው አልጠሯትም፤ በስሟ ይጠሯታል፣ በአክብሮት። ሚጣም ሥራ ታመጣላታለች። ባመጣች ቁጥር ግን "ወረቀቱን ኮፒ አድርገሽ ፋይሉ ውስጥ አስቀምጪልኝ" ትላታለች፤ በለሰለሰ ድምፅ፣ ዓይኗን ወደ ሌላ ቦታ አድርጋ። ሚሊሜትር ኮፒውን ታደርጋለች። ባለፈው ጊዜ ሚጣ ሳትጠይቃት ሁለት አደረገች።

እኅትማማቾቹ የሚነጋገሩት በስልክ ነው፤ በአብዛኛው እሑድ እሑድ፣ እናትየው ከተነጋገሩ በኋላ። አንድ እሑድ ሚጣ ከትልቅ ተቋም ሽልማት እንደተሰጣት ስትነግራት፣ ሚሊሜትር "እንኳን ደስ አለሽ" ልትል አፏን ከፈተችና ሌላ ነገር ወጣት።

"ሚጣ፣ ቀንቻለሁ። አሁን፣ እዚሁ ቆሜ።"

ሚሊሜትር ስልኩ የተዘጋ መሰላት።

"እሺ" አለች ሚጣ። "ሰማሁ።"

"እንኳን ደስ አለሽ ደግሞ።"

"እሱንም ሰማሁ።"

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆኑ። ሚጣ አንድ ጥሩ ነገር ባገኘች ቁጥር ትነግራታለች፤ ነግራ ስታበቃም "ዛሬስ?" ብላ ትጠይቃለች። አንዳንዴ መልሱ "በጣም" ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ሌላ ወሬ አይጨምሩም። ባለፈው እሑድ ሚጣ የክፍሉ ምክትል ኃላፊ እንደሆነች ነገረቻት።

"ዛሬስ?" አለች።

ሚሊሜትር ሆዷን ፈተሸች፤ ሳትዋሽ፣ እንደ ቁራጭ ለክታ።

"ዛሬ ትንሽ" አለች። "እማዬ እንደገና ላናግራት ትላለች፤ ልስጣት?"